የእግረኛ መንገድ ሳይዘጋ የሚታይ ታፔላ እንዴት ይሰቀላል?

ሐዋሳ ውስጥ ታፔላ ሠርቶ መስቀል ሥራዬ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ታፔላህን ከእግረኛ መንገድ ላይ አንሣ ተባልሁ። ታዲያ የት ላድርገው? ወደ ውጭ ካላወጣሁት ማን ያየኛል?» ጠያቂው አንዳንዴ ፒያሳ ልብስ የሚሸጥ ነው፤ አንዳንዴ አረብ ሰፈር ምግብ ቤት የከፈተ፤ አንዳንዴም አቶቴ ፋርማሲ ያለው። መልሱ ለሁሉም ያው ስለሆነ ከመለካት እስከ መፈተሽ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል እዚህ ጽፌዋለሁ።

ከሥራው በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። መንገድ መሃል የቆመ ታፔላ ደህና ሆኖ የሚታየው መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው። ሰው ሲበዛ፣ ማለትም ገበያ በሚኖርበት ሰዓት፣ ከፊት የሚሄዱት ሁለት ሦስት መንገደኞች ይሸፍኑታል። ከሰው ራስ በላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ መጪውና ወደ ሂያጁ አድርጎ የተሰቀለ ታፔላ ግን ሰው በዛም አነሰም ይታያል። መንገዱን ለእግረኛ ሲለቁ ደንበኛ አያጡም።

በቃል የሚያዙ አራት ልኮች

1.80 ሜትር። ከማንኛውም ዕቃ ነጻ ሆኖ መቅረት ያለበት የመተላለፊያ ስፋት ነው። ሁለት ዊልቸሮች ሳይነካኩ የሚተላለፉት በዚህ ስፋት ነው። የእግረኛ መንገዱ ራሱ ጠባብ ሆኖ ይህ ካልተገኘ ቢያንስ 1.50 ሜትር ይቅር። ከዚያ በታች ከሆነ መሬት ላይ ምንም ነገር አይቆምም።

2.50 ሜትር። ከመሬት እስከ ታፔላው የታችኛው ጠርዝ ያለው ከፍታ ነው። ጃንጥላ የዘረጋ፣ ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ፣ ፍራሽ በራሱ የተሸከመ ሰው ጎንበስ ሳይል ማለፍ አለበት።

10 ሴንቲ ሜትር። ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ 2.10 ሜትር ባለው ከፍታ፣ ከግድግዳ ወደ መንገድ ሊወጣ የሚችለው ትልቁ ልክ ነው። ከአራቱ ልኮች ሰዎች ጨርሶ የማያውቁት ይህኛውን ነው፤ ምክንያቱን ከታች እነግርዎታለሁ።

50 ሴንቲ ሜትር። ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ወደ ውስጥ የሚተው ርቀት ነው። የሚኒባስ መስታወት፣ የሚከፈት የመኪና በር፣ ጠርዙ ላይ የሚጠጋ ባጃጅ ታፔላውን እንዳይመቱት ነው።

የፈቃድ ወረቀትዎ ከእነዚህ የጠበቀ ልክ ካዘዘ የወረቀቱን ይከተሉ።

አሁን ስለ 10 ሴንቲ ሜትሩ። ዓይነ ስውር ሰው ነጭ በትሩን ሲያወዛውዝ የበትሩ ጫፍ ከመሬት ብዙም አይርቅም። መሬት ላይ ያለውን ነገር ያገኘዋል፤ ከወገብ በላይ ከግድግዳ የወጣውን ግን አያገኘውም። ከብዙ ዓመት በፊት እኔ ራሴ አንድ የመብራት ሣጥን ከመሬት 1.60 ሜትር ላይ፣ ከግድግዳው 25 ሴንቲ ሜትር አስወጥቼ ሰቀልሁ። በሳምንቱ አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ግድግዳውን በበትሩ እየተከተለ መጣ። በትሩ ከሣጥኑ ሥር አለፈ፤ ግንባሩ የላሜራውን ማዕዘን መታ። ደሙን በመሐረብ ይዞ «እዚህ በፊት ምንም አልነበረም» ያለው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሣጥኑን በማግስቱ አውርጄ ከፍ አደረግሁት። እርስዎ ይህ ሳይደርስ ይለኩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 5 ሜትር የሚረዝም መለኪያ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ደብተርና ፎቶ የሚያነሣ ስልክ
- ትልቅ ካርቶንና ወፍራም ማርከር (ለንባብ ሙከራ)
- ውሃ ልክ
- የኮንክሪት ድሪልና ከቦልቱ ጋር የሚሄድ መብሻ
- ለአንድ ታፔላ አራት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኤክስፓንሽን ቦልት (ሲጠብቅ ቀዳዳው ውስጥ እየሰፋ የሚነክስ ቦልት)
- ታፔላውን ከግድግዳ አውጥቶ ለሚይዘው ክንድ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፤ ግድግዳ ላይ ለሚቀመጠው መሠረት 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ላሜራ
- ፀረ ዝገት ቀለም
- የቆመ አሮጌ ታፔላ ካለ፦ ግራይንደር፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ጥቂት ሲሚንቶና አሸዋ
- ጠንካራ መሰላል፣ የዓይን መነጽር፣ ጓንት፣ ቀይና ነጭ የማስጠንቀቂያ ሪባን
- ሁለተኛ ሰው። ይህን ሥራ ብቻዎን አይጀምሩት።

ደረጃ 1፦ መንገዱን በሥራ ሰዓት ይለኩ

ጧት ሱቅ ሲከፍቱ የሚያዩት መንገድና ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ያለው መንገድ አንድ አይደሉም። 11 ሰዓት ላይ ሊስትሮው ሣጥኑን ዘርግቷል፣ ቡና የምታፈላው እህት በርጩማዎቿን አውጥታለች፣ ብስክሌት ግድግዳ ተደግፏል። በዚህ ሰዓት ይለኩ።

ከሱቅዎ ግድግዳ እስከ ጠርዝ ድንጋዩ ያለውን ሙሉ ስፋት ይያዙ። ከዚያ ቋሚ የሆኑትን ነገሮች አንድ በአንድ ይቀንሱ፦ የዛፍ ጉድጓድ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የበርዎ ደረጃ፣ ክዳኑ የተነሣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ካለዎት በሩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ይለኩ። የሚቆጠረው አማካዩ ሳይሆን ጠባቡ ቦታ ነው፤ ዊልቸር በአማካይ ስፋት አያልፍም።

ምሳሌ ልስጥዎት። ሙሉ ስፋቱ 3.10 ሜትር ነው እንበል። የዛፉ ጉድጓድ 60፣ የበርዎ ደረጃ 40 ሴንቲ ሜትር ይወስዳሉ። የቀረው 2.10 ሜትር ነው። «ሰፊ ነው» ይላሉ። 60 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የቆመ ታፔላ ሲያወጡ 1.50 ይቀራል። ታፔላውን ቆሞ የሚያነብ አንድ ሰው ሲጨመር ደግሞ 1 ሜትር ገደማ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መንገደኛ ሌላ ምርጫ ስለሌለው ወደ አስፋልት ይወርዳል። ልጅ ያዘለች እናት ከባጃጅ ጋር የምትጋፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጻ ሆኖ የሚቀረውን 1.80 ሜትር መሬቱ ላይ በጠመኔ በሁለት መስመር ያስምሩትና ፎቶ ያንሡት። ፎቶው ፈቃድ ሲጠይቁ ይጠቅምዎታል።

ለዓይነ ስውራን መምሪያ የሚሆን ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ንጣፍ መንገድዎ ላይ ካለ፣ ከእሱ በግራም በቀኝም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ይተዉ። ንጣፉ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ማየት ለተሳነው ሰው መንገዱን እንዳለ መቁረጥ ነው።

ደረጃ 2፦ መሬት ላይ ያለውን ሁሉ ይቁጠሩ

ሰዎች «ታፔላዬ አንድ ነው» ይሉኛል። ሄጄ ስቆጥር አራት አገኛለሁ፦ በሩ ላይ ያለው፣ መንገድ ላይ የቆመው፣ በጎማ ሲሚንቶ ተሞልቶ ምሰሶ የተተከለበት፣ የስልክ ካርድ የሚያስተዋውቀው ባንዲራ። ሁሉንም ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን «ይህ ባይኖር የሚጠፋብኝ ደንበኛ አለ?» ብለው ይመልሱ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ያለ ምንም ጉዳት ይነሣሉ። የቀሩትን ወደ አንድ የተሰቀለ ታፔላ ማጠቃለል ይቻላል፤ ወጪውም ይቀንሳል።

ደረጃ 3፦ ከመሥራትዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ

የውጭ ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሚገዛ ነው። ወደ ክፍለ ከተማዎ ሄደው የውጭ ማስታወቂያ ፈቃድ የሚሰጠው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይጠይቁ። የሚከተሉትን ይዘው ይሂዱ፦ የንግድ ፈቃድ ቅጂ፣ ተከራይ ከሆኑ ግድግዳው እንዲበሳ የፈቀደ የአከራይ ደብዳቤ፣ በደረጃ 1 ያነሡት ፎቶ፣ ከልክ ጋር በእጅ የተሣለ ንድፍ። ንድፉ ላይ ሦስት ቁጥር ይታይ፦ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ ከግድግዳ የሚወጣበት ርዝመት፣ ከጠርዝ ድንጋዩ የሚቀረው ርቀት። እነዚህ ከታዩ ጥያቄውም መልሱም ያጥራል።

እዚያው እያሉ ቋንቋውንም ይጠይቁ። እኛ ከተማ ሲዳምኛና አማርኛ አንድ ታፔላ ላይ ይጻፋሉ፤ የትኛው ከላይ እንደሚሆን ሳይጠይቁ ያሠሩ ደንበኞች ሁለተኛ ሲከፍሉ አይቻለሁ። ሱቅዎ የኮሪደር ልማት ባለፈበት መንገድ ላይ ከሆነ የቀለምና የመጠን ገደብ እንዳለም ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ታፔላን በመብራት ምሰሶ፣ በዛፍ ወይም በመንገድ ምልክት ላይ አያስሩ። ምሰሶው የኤሌክትሪክ አደጋ አለው፤ ሚስማርና ሽቦ ዛፉን ያደርቁታል፤ የተሸፈነ የትራፊክ ምልክት ደግሞ ሰው ያስገጫል።

ደረጃ 4፦ አቅጣጫውንና የፊደሉን መጠን ይወስኑ

ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ታፔላ የሚታየው ከመንገዱ ማዶ ላለ ሰው ነው። በእርስዎ በኩል ግድግዳውን ተከትሎ የሚመጣ ሰው በሩ ላይ እስኪደርስ አያየውም። ሰዎች ታፔላቸውን ወደ መንገድ የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ችግራቸው እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ሌላ ነው። ከግድግዳው እንደ ባንዲራ ወጥቶ በሁለት ፊቱ የሚነበብ ታፔላ ይሥሩ። 60 በ80 ሴንቲ ሜትር ለአብዛኛው ሱቅ ይበቃል።

የባጃጅ ተሳፋሪ የራሱ ነገር አለው። የባጃጁ ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለሆነ አጠገቡ ያለውን ከፍ ያለ ታፔላ አያይም፤ ከሩቅ ግን በፊት መስታወቱ ያየዋል። ስለዚህ ለእሱ የሚሠራው ፊደል ከ20 እስከ 25 ሜትር የሚነበብ መሆን አለበት። እንደ ልማድ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ከ12 ሜትር ያህል በምቾት ይነበባል፤ ከ24 ሜትር እንዲነበብ 20 ሴንቲ ሜትር ያድርጉት። የአማርኛ ፊደል ላይ ቀጭን አጻጻፍ አይምረጡ። «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በአንዲት ቅጥያ ቦታ ብቻ ነው፤ ቀጭኑ መስመር ከሩቅ ሲታይ ቅጥያዋ ትጠፋለች።

ለማተሚያ ቤት ከመክፈልዎ በፊት በካርቶን ይሞክሩት። የሱቅዎን ስም በታሰበው መጠን ካርቶን ላይ ይጻፉ፤ ረዳትዎ መሰላል ላይ ወጥቶ በታሰበው ከፍታ ይያዘው። እርስዎ በሁለቱም አቅጣጫ 25 ሜትር ርቀው ይመልከቱ። የዛፍ ቅርንጫፍ ከጋረደው ታፔላውን ዝቅ ወይም ወደ ጎን ያድርጉ እንጂ ዛፉን አይቁረጡ። ቅጠሉ በክረምት ስለሚበዛ፣ በበጋ ከለኩ ትንሽ ትርፍ ይተዉ። ስም፣ የሥራው ዓይነትና ቀስት ካሉ ይበቃል። አራት የስልክ ቁጥር የተጻፈበትን ታፔላ ከሩቅ ማንም አያነበውም።

ደረጃ 5፦ ግድግዳውን ይወቁት፤ ከዚያ ይስቀሉ

ከሁሉም ጥንቃቄ የሚፈልገው ሥራ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት ነው፤ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ወይም ቢም (አግድም የኮንክሪት ተሸካሚ) ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ኤክስፓንሽን ቦልት የሚነክሰው ነገር አያገኝም፤ ሲጠብቁት የያዘ ይመስላል፤ ነፋስ ሲወዘውዘው ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ክንዱን ኮለን ወይም ቢም ላይ ብቻ ይሰሩ። ያ ካልተገኘ ቦልቱን ግድግዳውን አሳልፈው በውስጥ በኩል በሌላ ላሜራ ያጥብቁት። የጭቃ ግድግዳ ላይ ወደ ውጭ የወጣ ታፔላ አይሰቀልም፤ ቀለም ብቻ ይቀቡበት።

ነፋሱን አይናቁት። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣውን እናውቀዋለን፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለው ደግሞ የባሰ ነው። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 1 ካሬ ሜትር የሆነን ሰሌዳ ከ20 ኪሎ በላይ በሆነ ክብደት እንደ መግፋት ይገፋዋል፤ ያውም እየመላለሰ። ታፔላው 8 ኪሎ ብቻ ስለመዘነ ሁለት ቦልት ይበቃዋል የሚሉ ሠራተኞችን አይስሟቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. የሥራውን ቦታ በሪባን ይከልሉ፤ ለእግረኛ የሚያልፍበት ይተዉ። መሰላሉን ሁለተኛው ሰው ይያዝ።

ለ. ከመሬቱ ከፍተኛ ቦታ ጀምረው 2.50 ሜትር ይለኩና ምልክት ያድርጉ። የሚለካው እስከ ታፔላው *የታችኛው ጠርዝ* ነው። ብዙ ሰው እስከ መሃሉ ይለካና ታፔላው 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀራል።

ሐ. መሠረቱን ላሜራ አስጠግተው በውሃ ልክ ያስተካክሉ፤ አራቱን ቀዳዳዎች ምልክት ያድርጉ። ከመብሳትዎ በፊት ግድግዳው ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍበትን ያረጋግጡ፤ ማብሪያ ማጥፊያ ካለ ከእሱ በቀጥታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አይብሱ።

መ. ከበሱ በኋላ አቧራውን ከቀዳዳው ያውጡ። አቧራ የሞላበት ቀዳዳ ቦልቱ እንዲነክስ አይፈቅድለትም።

ሠ. ክንዱን ይሰሩና ታፔላው ሳይሰቀል በሁለት እጅ ተንጠልጥለው ይፈትኑት። ላሜራው ከግድግዳው የወረቀት ያህል እንኳ ከለቀቀ ይፍቱትና ቦታ ይቀይሩ።

ረ. ታፔላውን ይስቀሉ። ከዋናው ማሰሪያ ሌላ አንድ የብረት ገመድ ከታፔላው ወደ ግድግዳው ለብቻው ይሰሩ። ዋናው ቢበጠስ ታፔላው ሰው ራስ ላይ ሳይሆን ገመዱ ላይ ይቀራል። ወጪው ትንሽ ነው፤ እባክዎን አይተዉት።

ሰ. ብየዳ የነካውን ሁሉ በፀረ ዝገት ቀለም ይሸፍኑ። ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የመንገድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከታፔላው ወይም ከመሰላልዎ አጠገብ ካለፈ ሥራውን ያቁሙ። የብረት መሰላል ሽቦ ሲነካ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

ደረጃ 6፦ መብራት ካለው

መስመሩን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይዘርጋው። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ በግድግዳው ይምጣ፤ በእግረኛ መንገድ ላይ በምንም ምክንያት አይሳብ። በምንጣፍ ወይም በፕላስተር የተሸፈነ ሽቦም ቢሆን እግር ያደናቅፋል፤ ውሃ ሲያገኘው ደግሞ ይገድላል። ለታፔላው የራሱ ብሬከር ይኑረው። መብራቱ ወደ መንገደኛው ዓይን እንዳይወጋ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ያዙሩት።

ደረጃ 7፦ አሮጌውን ከሥሩ ያንሡ

አዲሱ ከተሰቀለ በኋላ አሮጌውን የቆመ ታፔላ ቆርጠው ይጥላሉ። ብዙ ሰው ምሰሶውን መሬት ላይ ቆርጦ ይሄዳል፤ ጉቶው 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ብቅ ብሎ ይቀራል። ይህ ጉቶ ከታፔላው የባሰ ነው። ታፔላውን ማንም ያየዋል፤ ጉቶውን ግን ማታ ማንም አያየውም፤ የጫማ ጫፍ ይይዛል፤ የዊልቸር ትንሿ የፊት ጎማ ስትመታው ተቀማጩ ወደ ፊት ይወረወራል።

በጉቶው ዙሪያ ያለውን ንጣፍ በመሮ ያንሡ፤ ከመሬት ወለል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው በግራይንደር ይቁረጡት፤ ጉድጓዱን በሲሚንቶና አሸዋ ሞልተው ንጣፉን ከዙሪያው ጋር እኩል አድርገው ይመልሱ። እስኪደርቅ አንድ ቀን በሪባን ይከልሉ። ሥር የሚያልፍ የውሃ ቧንቧ ወይም የስልክ መስመር ሊኖር ስለሚችል በጥልቀት አይቆፍሩ።

ደረጃ 8፦ የግድ መሬት ላይ መቆም ካለበት

የዕለቱን ምግብ የሚጽፉ ምግብ ቤቶች ይህን ይጠይቁኛል። ጾም ሲሆን የጾም፣ ፍስክ ሲሆን የፍስክ፤ በየቀኑ ይቀየራል። የመጀመሪያው ምክሬ ጥቁር ሰሌዳውን በርዎ ጎን ግድግዳ ላይ ይስቀሉት ነው፤ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ማንንም አይነካም። ሁለተኛው፣ በርዎ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ከሆነ እዚያ በራስዎ ወሰን ውስጥ ያቁሙት።

ከተማው መሬት ላይ እንዲያቆሙ ከፈቀደልዎት፣ ከዛፎቹና ከመብራት ምሰሶዎቹ ጋር በአንድ መስመር፣ ከጠርዝ ድንጋዩ 50 ሴንቲ ሜትር ገባ አድርገው ያቁሙት። መንገደኛ በዚያ መስመር ስለማይሄድ አይደናቀፍም። ስፋቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። እግሮቹን ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ዙሪያውን በጣውላ ወይም በቱቦላሬ ያገናኙ። ይህ ካልተደረገ የዓይነ ስውሩ በትር በእግሮቹ መሃል ይገባል፤ ሰውየው ባዶ ነው ብሎ ሲራመድ ቅልጥሙን ይመታል። ነፋስ እንዳይጥለው ከታች በአሸዋ ከረጢት ያክብዱት፤ ከረጢቱ ከክፈፉ አይውጣ። ማታ ሲዘጉ ያስገቡት።

በማዕዘን፣ በዜብራ፣ በዊልቸር መወጣጫ፣ በታክሲና በባጃጅ መያዣ አጠገብ አያቁሙ። እነዚህ ቦታዎች ሰው ቆሞ የሚዞርባቸው ስለሆኑ 1.80 እንኳ አይበቃቸውም።

ደረጃ 9፦ በእግርዎ ይፈትሹት

ሦስት ጊዜ ይመላለሱ። አንደኛ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ዱላ ይዘው፤ ረዳትዎ ከጎንዎ ሆኖ ይጠብቅዎት። ሁለተኛ፣ ጃንጥላ ዘርግተው ሌላ ጃንጥላ ከያዘ ሰው ጋር እየተላለፉ። ሦስተኛ፣ ከመሸ በኋላ መብራት በጠፋበት ሰዓት። ዊልቸር የሚጠቀም ደንበኛ ወይም ጎረቤት ካለዎት «አንድ ጊዜ እለፉልኝና የሚያስቸግር ካለ ንገሩኝ» ይበሉ። እኔ በሜትር ያላገኘሁትን አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ አሳይቶኛል፦ ከበሩ ፊት የተቀመጠች የአበባ ማሰሮ።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ፣ በተለይም ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ቦልቶቹን በቁልፍ ያጥብቁ፤ ዝገት ይፈልጉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባነር በገመድ ከግድግዳ ወደ ዛፍ መወጠር አንደኛው ነው። ሲሰቀል ከፍ ይላል፤ ዝናብ ሲጠጣ ይረግባል፤ በወሩ የሰው አንገት ላይ ይደርሳል። የማስታወቂያ ጃንጥላም እንዲሁ ነው፦ የጠርዙ ሹል ብረቶች በሰው ዓይን ቁመት ላይ ናቸው።

ጎማ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ ምሰሶ መትከል ደግሞ «ስለሚንቀሳቀስ ፈቃድ አያስፈልገውም» ተብሎ ይሠራል። ማንም ግን አያንቀሳቅሰውም፤ ከባድ ነዋ።

«ጎረቤቴ ስላወጣ እኔም ላውጣ» የሚለው ውድድር ሌላው ነው። ሁሉም ሲያወጣ የሁሉም ታፔላ እርስ በርስ ይጋረዳል፤ መንገዱም ያልቃል።

የጎረቤትዎ ታፔላ ከዘጋ

ክስ ከመሄድዎ በፊት ሜትር ይዘው ይሂዱ። ፒያሳ ጫማ የሚሸጥ አንድ ወጣት ሲያደርገው ያየሁትን ልንገርዎት። መጀመሪያ የራሱን አነሣ። ከዚያ ከጎኑ ወዳሉት ትልቅ ሴት ሄደ።

«እትዬ፣ ትናንት ማታ አንዲት ልጅ እናቷን በዊልቸር እየገፋች መጥታ እዚህ ስትደርስ ወደ አስፋልት ወረደች። መኪና ሊገጫቸው ነበር።»

«የእኔን ብቻ ነው ያየኸው ልጄ?»

«የለም፣ ከእኔ ነው የጀመርኩት፤ ይኸው አንሥቼዋለሁ። ይቺን ሜትር በዚያ ጫፍ ይያዙልኝና አብረን እንለካ።»

ሜትሩን ያዙለት። 1.10 ሆነ። በዚያው ሳምንት እኔ ጋ ሁለቱም አብረው መጡ፤ በሳምንቱ ደግሞ ከመስመሩ ሌሎች ሁለት ሱቆች ተጨመሩ። አራቱ አንድ ላይ ስላሠሩ የብየዳና የመሰላል ወጪውን ተካፈሉ፤ አራቱም ታፔላዎች በአንድ ከፍታ ስለተሰቀሉ አንዱ ሌላውን አልጋረደም። ጎረቤቶችዎን ካገኙ እንዲህ አብረው ያዙ፤ ቱቦላሬ የሚሸጠው በ6 ሜትር ዘንግ ስለሆነ ለአራት ክንድ አንድ ዘንግ ይበቃል።